ሴትየዋን አሳይቶ በሩን ለቆረጠው ቪዲዮ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የጋዜጣችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፣
ባሉበት፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ፈጣሪ ወገብዎን፣ ትከሻዎንና ጆሮዎን ከክፉ ነገር እንዲጠብቅልዎ ከልብ እመኛለሁ፤ እኔ እርስዎ ባሸከሙኝ ቦርሳ ምክንያት ከሦስቱ በአንዱም ደህና ስላልሆንኩ ዋጋቸውን አሳምሬ አውቀዋለሁ። ቤተሰብዎ፣ ወንበርዎና መስኮትዎ ላይ ያሉት አበቦች ደህና መሆናቸውን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ይህን ደብዳቤ በአካል ላቀርብልዎ ደጅ መጥናቴን ጸሐፊዎ ይመሰክራሉ፤ ስብሰባ ላይ ነዎት ሲሉኝ፣ ስብሰባውም ስለ ግልጽነት መሆኑን ሲጨምሩልኝ፣ እኔም በግልጽ ለመጻፍ ተገደድኩ። ለራሳችን ጋዜጣ ሰጥቼው ነበር፤ የአስተያየት ገጹ አዘጋጅ አንብቦ፣ ስቆ፣ ቦታ የለም ብሎ መለሰልኝ። ስለዚህ በጎረቤት ጋዜጣ ላይ ሲያገኙት ቅር እንዳይልዎ።

ማን እንደሆንኩ ቢጠፋዎ አልፈርድብዎም። ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ አጠገብ የምቀመጠው፣ ስለ ሠራተኞችና ስለ ሥራ ቦታ የምጽፈው ሪፖርተር ነኝ። ዕድሜዬን በእስክሪብቶና በማስታወሻ ደብተር ከሠራሁ በኋላ፣ ባለፈው ዓመት ጋዜጣው «መልቲሚዲያ» ሆኗል ተብሎ ካሜራ፣ ማቆሚያ፣ ድምፅ መቅጃ፣ ሁለት ማይክሮፎንና የጆሮ ማዳመጫ ያለበት ጥቁር ቦርሳ በጭብጨባ ካስረከቡን መካከል አንዷ ነኝ ብል ያስታውሱኝ ይሆናል። እርስዎ በዚያ ቀን ከቦርሳው ጋር ፎቶ ከተነሡ በኋላ ቦርሳውን ያነሣሁት እኔ ነኝ።

አንደኛ፣ ከአንድ ሰው አራት ሰው ስላደረጉኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ድሮ ለዘገባ ስንወጣ እኔ እጠይቃለሁ፣ ፎቶ አንሺው ያነሳል፣ ሹፌሩ መኪናው ውስጥ ሆኖ ሁለታችንንም ያማል፤ ሥራው በዚህ መልክ ተከፋፍሎ ይሄድ ነበር። አሁን በእርስዎ አርቆ አሳቢነት ጠያቂም፣ ካሜራ አንሺም፣ ድምፅ ተቆጣጣሪም፣ አቀናባሪም እኔው ስሆን፣ ሹፌሩም ስለቀረ ራሴን የማማው ራሴ ነኝ። ሰው ሲያናግረኝ አንዱ ዓይኔ የምስሉን ጥራት፣ ሌላው የባትሪውን መጠን፣ ጆሮዬ ደግሞ የጎረቤቱን ጄኔሬተር ሲከታተል፣ ሰውየው ምን እንዳለኝ የማውቀው ቢሮ ገብቼ ስሰማው ነው። በቅርቡ ልጁን በሥራ ላይ አደጋ ያጣ አባት ሲያወራኝ ሲቃ ያዘውና ድምፁ በድንገት ከፍ አለ፤ እጁን መያዝ ሲገባኝ የድምፅ መቀነሻውን ቁልፍ ያዝኩ። ድምፁ ሳይሰነጠቅ በጥራት ስለተቀዳ በማግስቱ ስብሰባ ላይ ተመስግኛለሁ። አፈርኩ እንጂ ደስ አላለኝም።

ሁለተኛ፣ ስለ ሥልጠናውና ስለ ዕቃው ነው። ካሜራው ገና ከግምጃ ቤት ስላልወጣ የሠለጠንነው በካሜራው ሥዕል ላይ ነበር፤ ዋናን በሐይቅ ፎቶግራፍ ላይ የተማረ ሰው ካለ ስሜታችን ይገባዋል። ለእኔ የደረሰኝ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ በተግባር ባለ ሁለት ተኩል ነው፤ አንደኛው እግሩ ቀስ እያለ ስለሚሰምጥ፣ ስለ መሥሪያ ቤታቸው መረጋጋት መግለጫ የሰጡትን ኃላፊ ከሰላምታቸው እስከ ስንብታቸው ወደ ግራ እየተንሸራተቱ ሲሄዱ ቀርጬያቸዋለሁ። ሰፈር ውስጥ ማቆሚያውን ስተክል ደግሞ ሰዉ ቀያሽ የመጣ እየመሰለው አጥሩን ሊከላከል ይወጣል፤ አንድ አዛውንትማ ምንም ሳልጠይቃቸው የቤታቸውን ካርታ አምጥተው ለካሜራው አሳይተዋል። የማይክሮፎኑ የነፋስ መከላከያ ስለጠፋ በእህቴ ልጅ ካልሲ ተክቼዋለሁ፤ ቢጫ ነው፣ ዳክዬ አለበት። እናቴ ይህን ሁሉ ተሸክሜ ስገባ ባየች ቁጥር፣ ያስተማረችኝ እንድጽፍ እንጂ እንድጫን እንዳልነበር ትነግረኛለች። በዚህ ሁሉ ስቄ አልፌአለሁ። ዕቃ ይሰበራል፣ ይጠገናል፤ ለካልሲ ብዬ አደባባይ አልወጣም ነበር።

ሦስተኛው ግን የተናደድኩበት ነው፤ ከዚህ በኋላ የአክብሮት ቃሎቼ ቢያንሱ ከንዴት እንጂ ከንቀት እንዳይቆጥሩብኝ።

የመልቲሚዲያ ክፍላችን ኃላፊ፣ ሰው ከሠላሳ ሰከንድ በላይ አይሰማም ብሎ ስለሚያምን እሱ በሌለበት እኛ «ሠላሳ ሰከንድ» የምንለው ሰው፣ ሁለት ጥብቅ ደንቦች አውጥቶልናል። አንደኛው፣ ማንኛውም ቀረጻ ሲጀመር ተናጋሪው ለመዝገብ ቤት እንዲመች ሙሉ ስሙንና የሥራ ቦታውን በካሜራ ፊት ይናገራል፤ ይኸው የድምፅ መፈተሻም ሆኖ ያገለግላል። ሁለተኛው፣ ሪፖርተሩ ከሕንጻው ሳይወጣ ካርዱ ላይ ያለውን ሁሉ ወደ ጋራው ማከማቻ ገልብጦ ካርዱን ባዶ ያደርጋል። ስሙ እንዲደበቅለት ለሚለምን ሰው እንኳ ደንቡ ይላላ ብዬ ጠይቄ ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ መዝገብ ቤት የገባ ነገር ወደ ውጭ አይወጣምና አትጨነቂ ተባልኩ። እኔም አልተጨነቅሁም፤ ቦርሳዬን ይዤ ወደ እታለም ቤት ሄድኩ።

እታለም በአንድ ትልቅ የልብስ ማጠቢያ ድርጅት የካውያ ክፍል ሠራተኛ ናቸው። የሥራ ባልደረቦቻቸው ሁሉ ታናናሾቻቸው ስለሆኑ እታለም ይሏቸዋል፤ እኔም እንዲሁ። ሙሉ ስማቸውን አገር ሁሉ ከእርስዎ ቪዲዮ ስላወቀው እኔ አልደግመውም። የካውያ ክፍሉ የኋላ በር፣ አንሶላ እንዳይሰረቅ ተብሎ፣ በሥራ ሰዓት ከውጭ በሰንሰለት ይቆለፋል። ከጥቂት ወራት በፊት ከአንዱ ካውያ እሳት ተነሥቶ ክፍሉን ጭስ ሲሞላው ሴቶቹ ወደዚያ በር ሮጡ፤ ደበደቡት፤ የሚከፍትላቸው ስላጡ አንዷ በመስኮት ዘልላ ዳሌዋ ተሰበረ። እሳቱ ጠፋ፣ ግድግዳው ቀለም ተቀባ፣ ሰንሰለቱ ግን ወዲያው ወደ ቦታው ተመለሰ። ሌሎቹ ለመናገር ሲፈሩ እታለም ብቻ እሺ አሉ፤ ጉሮሯቸው እንዳይዘጋ ስማቸውና ፊታቸው እንዳይወጣ ለመኑኝ። እኔም በጋዜጣው ስም፣ ማለትም በእርስዎ ስም፣ ቃል ሰጠሁ።

ድምፅ ብቻ ልቅዳ ብዬ ነበር፤ ምስል የሌለው ሥራ የመልቲሚዲያ ክፍሉ አይቀበልም ስለተባልኩ እጃቸውን ብቻ ላነሳ፣ ድምፃቸውንም ልለውጥ ተስማማን። የካውያ ጠባሳቸው እንዳያሳብቅባቸው ጓንት አጠለቁ። ድምፅ እንዳያስተጋባ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋረድን፤ ማቀዝቀዣቸው ስለሚያጉረመርም ነቀልነው። ከዚያ ለመዝገብ ቤቱ ደንብ ስል ካሜራውን ወደ ፊታቸው አዙሬ ስማቸውንና የሥራ ቦታቸውን እንዲነግሩኝ ጠየቅኳቸው፤ ይህች የቀረጻ ክፍል ከቢሮ እንደማትወጣም ነገርኳቸው። ዳክዬ ያለበት ካልሲ አፋቸው ሥር ሲመጣ ሳቅ አመለጣቸው፤ እየሳቁ ስማቸውን፣ የድርጅቱን ስም፣ ስንት ዘመን እንዳገለገሉ ተናገሩ።

ቀጥሎ ካሜራውን ወደ እጃቸው መለስኩና ስለ በሩ ጀመሩ። ሴቶቹ በሩን ሲገፉ ሰንሰለቱ በወዲያ ማዶ እንዴት ይንቀጫቀጭ እንደነበር ሲያወሩ፣ ጓንት የለበሱት እጆቻቸው ሳይታወቃቸው አየሩን ይደበድቡ ነበር። ክቡር ሆይ፣ በሥራ ዘመኔ ከቀዳሁት ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። ቢሮ ገብቼ በደንቡ መሠረት ገለበጥኩት፤ የመጀመሪያዋን ክፍል ለይቼ «ለመዝገብ ቤት ብቻ፣ አይወጣም» ብዬ በትልቁ ጻፍኩባት።

አለቃችን ሠላሳ ሰከንድ ሥራውን አየና ፊት የሌለው ቪዲዮ ማን ያያል አለ። ለእኔ ምንም ሳይነግረኝ ከጋራው ማከማቻ ያችኑ አይወጣም ያልኩባትን ክፍል አወጣ፤ ከሥሯ ለስላሳ ሙዚቃ አስገባ፤ «ከእሳት የተረፉት ሳቂታ እናት» የሚል ርዕስ ለጥፎ ለቀቃት። እኔ የሰማሁት ታክሲ ውስጥ ነው። አጠገቤ የተቀመጠ ተሳፋሪ ስልኩን ሲነካካ የማውቀው ሳቅ መጣ፤ ከሳቁ ቀጥሎ ስሙ፣ ከስሙ ቀጥሎ ድርጅቱ። ወራጅ አለ ማለት አቅቶኝ መውረጃዬን አልፌ ሄድኩ።

አሁን እንዲያው በሞቴ ልብ ብለው ያንብቡልኝ። ስለ በሩ የሚናገረው ክፍል ረጅም ነው ተብሎ ተቆርጦ ቀርቷል። በተለቀቀው ቪዲዮ ውስጥ እታለም አሉ፣ ስማቸው አለ፣ ጥርሳቸው አለ፤ በሩ ግን የለም፣ ሰንሰለቱ የለም፣ ዳሌዋ የተሰበረባት ሴት የለችም። ይደበቅ የተባለው ሁሉ ወጣ፣ ይውጣ የተባለው ሁሉ ተደበቀ። ሰው ሳያውቅ ሲሳሳት ቢያንስ ግማሹን በአጋጣሚ ያገኛል፤ ሁሉንም እንዲህ ገልብጦ መሳት የእኛ ቤት ብቻ ችሎታ ነው። ተመልካቹ ምን ያድርግ? ሳቃቸውን ወድዶ፣ ዕድሜ ይስጥዎ ብሎ አለፈ። የድርጅቱ አለቆች ግን ከካውያ ክፍል ለጋዜጠኛ የተናገረው ማን ነው እያሉ ሲያነፈንፉ ነበርና፣ ሳይለፉ በሙሉ ስም፣ በፊት ለፊት ምስል፣ በጠራ ድምፅ ደረሳቸው።

በማግስቱ እታለም ሥራ ሲገቡ ጥበቃው መግቢያው ላይ አስቆማቸው። ሽርጣቸውን በፌስታል አድርጎ ሰጣቸው፤ የድርጅቱን ምስጢር በማውጣት መሰናበታቸውንም ነገራቸው። የትኛውን ምስጢር? ቪዲዮው ላይ ከስማቸውና ከሳቃቸው በቀር ምንም የለም። ለተናገሩት ነገር ተባረሩ፤ የተናገሩትን ግን ማንም አልሰማም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው ይኸው ነው፤ አይጧ ግን እዚህ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የመልቲሚዲያ ቢሮ አላት።

አራተኛ፣ በዚያው ሰሞን ስለላኩልኝ የምስክር ወረቀት ነው። «ለተመልካች ቅርብ የሆነ ሥራ በመሥራት» ይላል፤ ስሜ በወርቃማ ቀለም ተጽፏል፤ ፊርማዎም ያምራል። የደረሰኝ የሠላሳ ሰከንድ ቢሮ ውስጥ ቆሜ ቪዲዮው ይውረድ እያልኩ በምለምንበት ሰዓት ነበር። ስህተት መሆኑን አልካደም፤ ጨዋ ነው። አሁን ግን ብዙ ሰው እያየው ስለሆነ ማውረዱ ትኩረት ይስባል አለኝ። ቀጥሎም እንደ እሳቸው ያለ ሌላ ሳቂታ ሰው አውቅ እንደሆነ ጠየቀኝ። እኔ በሕይወቴ ከሰው ጋር ተማትቼ አላውቅም፤ በዚያን ዕለትም አልተማታሁም፤ የምስክር ወረቀት የሚገባኝ ካለ ለዚህ ነው።

እንግዲያው ሙሉው ቅጂ ይውጣ ብል አስተዳደር ክፍሉ ጠርቶ መከረኝ። የስብሰባ አዳራሻችንን መጋረጃና የጠረጴዛ ልብስ የሚያጥቡልን እነዚያው ሰዎች ናቸው፣ መልካም ግንኙነታችን ይሻክራል ተባልኩ። ይህን ሳላውቅ ስንት ዓመት በነጭ ጠረጴዛ ላይ ስለ ሙያ ሥነ ምግባር ተወያይተናል። ደጋግሜ ስጠይቅ ደግሞ ወደ ጋራው ማከማቻ መግቢያዬ ተዘጋ። ካርዱ በደንቡ መሠረት ባዶ ነው፤ እታለም ስለ በሩ የተናገሩት ሁሉ ያለው አሁን በእርስዎ እጅ ብቻ ነው። እንደገና ልቅዳቸው እንዳልል፣ ከተባረሩ በኋላ የሚናገሩት ሁሉ ቂም ነው ይባላል፤ ያ ቅጂ ግን ሳይባረሩ፣ ገና ሥራቸው ላይ ሳሉ የመሰከሩት ነው።

አምስተኛው ቅሬታዬ ምን እንደነበር ንዴቱ አስረስቶኛል፤ ስለ ባትሪ ይመስለኛል። ይቅር።

እታለምን ቤታቸው ሄጄ አየኋቸው። ቢሰድቡኝ ቀለል ይለኝ ነበር፤ ወንበር ሰጡኝ። እጃቸው ሥራ መፍታት ስላልለመደ የራሳቸውን አንሶላ እያጠፉ፣ መልሰው እየዘረጉ፣ እንደገና እያጠፉ ነበር። አብረዋቸው የሚሠሩት ልጆች እንኳ አለቆቹ እንዳያዩአቸው ፈርተው መንገድ ላይ ሲያገኟቸው ሰላምታውን በዓይናቸው ብቻ አድርገውታል። እኔ ይቅርታ ስጠይቅ፣ ስለ እርስዎ፣ ስለ ጋዜጣው፣ ስለ ደንቡ ስዘባርቅ ሰሙኝና አንሶላውን አስቀመጡት።

«ስሜ ከወጣ አይቀር በሩንም አውጡልኝ እንጂ» አሉኝ። «አለበለዚያ እኔ በምን ነገር ነው የተባረርኩት?»

መልሱ እርስዎ ጋር ካለ ብዬ ነው የምጽፍልዎ። የምለምንዎም ብዙ አይደለም። ያ ቪዲዮ ይውረድ። እሳቸው ራሳቸው ፈቅደዋልና ስለ በሩ የተናገሩት ሳይቆረጥ፣ ያለ ሙዚቃ፣ ጋዜጣው ባለው ቦታ ሁሉ ይውጣ። ቃሉን ያፈረሰው ጋዜጣው እንጂ እሳቸው ምንም እንዳላጠፉ በመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ ለማንበብ መነጽር በማያስፈልገው ትልቅ ፊደል ይጻፍ። የጋዜጣችን ጠበቃም፣ እርስዎን ከሐሜት ከሚጠብቁበት ትርፍ ሰዓታቸው ጥቂት ቀንሰው፣ እታለም ወደ ሥራቸው እንዲመለሱ አብረዋቸው ይቁሙ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና የወጣውን ስም መመለስ አይቻልም። ያ ሰንሰለት ከዚያ በር ላይ እንዲነሣ ማድረግ ግን ይቻላል፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ቅጂ እርስዎ ቢሮ ውስጥ ነው፤ ጥራቱም እጅግ ጥሩ ነው።

ይህ በማይሆንበት ጊዜ እኔን ከሥራ ለማሰናበት ቢያስቡ፣ ደብዳቤውን ጸሐፊዎ በቀላሉ እንዲያገኙኝ ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ አጠገብ እጠብቃለሁ። አላለቅስም፣ አልማጸንም፤ ጓደኞቼን ግን በዚህ ነገር አይጠርጥሩብኝ፣ ማንም አልጻፈልኝም፣ ማንም አልመከረኝም። እኔ ራሴ ነኝ፤ በጣም ስለተናደድኩ ነው።

የወንበርዎን ከፍታ፣ የፊርማዎን ውበትና የመጋረጃዎን ንጣት ሁልጊዜ በአድናቆት የምትመለከተው፣ በእርስዎ ስም ቃል ሰጥታ በእርስዎ ምክንያት ቃለ አባይ የሆነችው፣ በአራት ሰው ኃይል በአንድ ሰው ትከሻ የምታገለግልዎ፣

የሁለተኛ ፎቅ ሪፖርተርዎ።

ከፊርማ በኋላ የመጣ፦ ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ ከዚያው የካውያ ክፍል አንዲት ሴት ደወለችልኝ። በሩ ላይ ከሰንሰለቱ በተጨማሪ ሌላ ቁልፍ እንደተደረገበት፣ መስኮቶቹም በብረት እንደተዘጉ፣ ይህን ለሆነ ሰው መናገር እንደምትፈልግ በአንድ ትንፋሽ ነገረችኝ። ካሜራ እንደማላመጣ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ብቻ እንደምይዝ ማልኩላት። የምትጽፊው ለየትኛው ጋዜጣ ነው አለችኝ፤ ነገርኳት። «አይ፣ ይቅርብኝ እህቴ፤ ልጆች አሉኝ» ብላ ዘጋችው። ሴቶቹ ዛሬም እዚያው ክፍል ውስጥ ቆመው ልብስ ይተኩሳሉ። እንኳን ደስ ያለዎ፤ ከእንግዲህ ማንም ምንም አይነግረንም።